ከወላጅ ክላስ ወደ ልጅ ክላስ፦ የቫሪያብልና የሜተድ ውርስን በትክክል የመጻፍ መመሪያ

ኦብጀክት ተኮር በሆነ የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ሰው በየጊዜው የሚገጥመው ሥራ አለ፤ አንድ ክላስ ተጽፎ በሥራ ላይ ውሏል፣ አሁን ደግሞ አብዛኛው ነገሩ ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ፣ ጥቂቱ ብቻ የሚለይ ሌላ ክላስ ተፈልጓል። ክላስ ማለት የአንድ ዓይነት ነገሮች ሁሉ የሚሠሩበት ንድፍ ሲሆን፣ በንድፉ መሠረት በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚፈጠረው እያንዳንዱ ነገር ኦብጀክት ይባላል፤ በክላሱ ውስጥ መረጃ የሚይዙት ስሞች ቫሪያብሎች፣ ሥራ የሚያከናውኑት ደግሞ ሜተዶች ናቸው። አዲሱን ክላስ ከባዶ ከመጻፍ ይልቅ ያለውን ይዞ እንዲነሣ ማድረግ ውርስ ይባላል፤ አውራሹ ወላጅ ክላስ፣ ወራሹም ልጅ ክላስ ተብሎ ይጠራል።

ውርስን ማወጅ የአንድ ቃል ጉዳይ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ስሕተቱ የሚፈጠረው ወላጅና ልጅ በስም አንድ የሆነ ነገር ሲኖራቸውና ፕሮግራሙ የማንኛቸውን እንደሚጠቀም በግምት ሲታለፍ ነው። የዚህ መመሪያ ምሳሌዎች በሚጻፉበት በጃቫ ቋንቋ ግን ለግምት ቦታ የማይተው ደንብ አለ፤ ሜተድ የሚመረጠው ፕሮግራሙ በሚሄድበት ሰዓት በኦብጀክቱ እውነተኛ ዓይነት ሲሆን፣ ቫሪያብል የሚመረጠው ግን ኦብጀክቱ በተያዘበት ስም በታወጀው ዓይነት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች በአብዛኛው ከዚህ ደንብ የሚመነጩ ናቸውና እያንዳንዱን በተግባር እየሞከሩ ማለፍ ከንባብ ብቻ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

1. መሥሪያውን ማዘጋጀት

ለሙከራው የጃቫ መሥሪያ ጥቅል፣ በተለምዶ ጄዲኬ የሚባለው፣ 18ኛው ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ እትም በኮምፒውተሩ ላይ መጫን አለበት። እትሙ የሚጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጃቫ የክላስ፣ የቫሪያብልና የሜተድ ስሞች በግዕዝ ፊደል እንዲጻፉ ይፈቅዳል፣ ከ18ኛው እትም ጀምሮ ደግሞ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የተጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚተረጉመው መሣሪያ፣ ፋይሉን ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ በዩቲኤፍ-8 የፊደላት አመዘጋገብ ያነበዋል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ያሉት ስሞች እንዳሉ ሊተየቡ ይችላሉ፤ በላቲን ፊደል መጻፍ የሚኖርባቸው የቋንቋው የራሱ ቃላትና ስሞች፣ እንደ ክላስ፣ ኤክስቴንድስ፣ ሱፐርና ሜይን ያሉት ብቻ ናቸው። በቃላት መካከል ክፍተት ስለማይፈቀድ ሁለት ቃላት ያሉት ስም በታችኛው ሰረዝ ይያያዛል።

ከጃቫ 11 ወዲህ አንድን ፋይል ቀድሞ ኮምፓይል ሳያደርጉ በቀጥታ ማስኬድ ስለሚቻል ሁሉንም ክላሶች በአንድ ፋይል ውስጥ፣ ጎን ለጎን እንጂ አንዱን በሌላው ሆድ ሳይከቱ፣ ማስቀመጥ ሥራውን ያቀልላል። እንዲህ ሲደረግ የፕሮግራሙ መነሻ የሆነውን ሜይን ሜተድ የያዘው ክላስ በፋይሉ ውስጥ ቀድሞ መቀመጥ አለበት። ለፋይሉ ራሱ የላቲን ስም መስጠት በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ከሚደርስ የፋይል ስም ችግር ያድናል።

በግዕዝ ፊደል ስም ሲሰጥ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ለአማርኛ አንባቢ «ስሌት» እና «ሥሌት»፣ «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፓይለሩ ግን ፍጹም የተለያዩ ስሞች ናቸው። በወላጁ ውስጥ «ወለድ_ስሌት» የተባለውን ሜተድ በልጁ ውስጥ «ወለድ_ሥሌት» ብሎ የጻፈ ሰው የወላጁን ሜተድ የተካ ይመስለዋል እንጂ የፈጠረው ማንም የማይጠራው አዲስ ሜተድ ነው። መፍትሔው በ6ኛው ደረጃ ይመጣል፤ እስከዚያው አንዱን የፊደል አጣጣል መርጦ በእርሱ መጽናት ይገባል።

2. ውርሱ ተገቢ መሆኑን መመርመር

አንድም መስመር ከመጻፉ በፊት ልጁ በእርግጥ የወላጁ ዓይነት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የቁጠባ ሒሳብ የባንክ ሒሳብ ዓይነት ነው፤ ደንበኛ ግን ሒሳብ ያለው እንጂ ሒሳብ የሆነ አይደለም፣ ስለዚህ «ደንበኛ» የተባለው ክላስ ሒሳቡን በቫሪያብል ይይዘዋል እንጂ ከእርሱ አይወርስም። ይህን ልዩነት ብዙዎች ያውቁታል፤ የሚያሳስተው የወላጁ ዓይነት መስሎ የሚታየው ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ ባንኮች የሚሰጠውን ከወለድ ነፃ አገልግሎት ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ገንዘብ ይቀመጥበታል፣ ይወጣበታል፣ ደብተርም አለው፤ ስለዚህ ከቁጠባ ክላስ አውርሶ የወለዱን ምጣኔ ዜሮ ማድረግ ፈጣኑ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን ልጅ ክላስ የሚወርሰው ዛሬ በወላጁ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚጨመርበትንም ነው። ከዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ በቁጠባ ክላስ ውስጥ በየወሩ የወለድ መስመር የሚመዘግብ ሜተድ ቢጨምር፣ ወለድ እንዳይነካው ብሎ ይህን አገልግሎት የመረጠ ደንበኛ በሒሳብ መግለጫው ላይ «ወለድ 0.00» የሚል መስመር ያገኛል። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ መስመሩ ግን በዚያ ሒሳብ ላይ ሊኖር አይገባውም ነበር። ትክክለኛው አደረጃጀት «ቁጠባ» እና «ከወለድ_ነፃ» የተባሉት ክላሶች እንደ ወንድማማች ሆነው ሁለቱም «ሒሳብ» ከተባለው አንድ ወላጅ እንዲወርሱ፣ ወለድን የሚመለከተው ሁሉ ደግሞ በ«ቁጠባ» ውስጥ ብቻ እንዲቀር ማድረግ ነው።

በአጭሩ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ወላጁን ተስፋ አድርጎ የተጻፈ ፕሮግራም በወላጁ ፈንታ ልጁን ቢቀበል የሚጠብቀውን ያገኛል? መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ውርሱ ይቅር።

3. ወላጁን መጻፍና የሚወረሰውን መወሰን

«ሒሳብ» የተባለው ክላስ ቀሪ ገንዘቡን የሚይዝ «ቀሪ» የተባለ ቫሪያብል፣ እንዲሁም «ገቢ_አድርግ»፣ «ወጪ_አድርግ» እና «ቀሪ_ስጥ» የተባሉ ሜተዶች ይኑሩት። ሙከራው ቀላል እንዲሆን ቀሪው በሙሉ ብር፣ በኢንት ዓይነት ይያዛል፤ በእውነተኛ የባንክ ሥራ ላይ ግን ገንዘብ በሳንቲም ተቆጥሮ በሎንግ ወይም ቢግዴሲማል በተባለው ዓይነት መያዝ አለበት እንጂ በደብል አይያዝም፤ ደብል እንደ 0.1 ያለውን ክፍልፋይ በትክክል ሊይዝ ስለማይችል ስሕተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ቫሪያብልና ሜተድ የመዳረሻ ወሰን ይሰጠዋል። ፕራይቬት የተባለው ከክላሱ ውጪ በማንም አይታይም፣ በልጅ ክላስም ጭምር። ፕሮቴክትድ የተባለው ለልጅ ክላሶችና በአንድ ፓኬጅ፣ ማለትም በአንድ የክላሶች ማኅደር ውስጥ ላሉት ሁሉ ይታያል። ፐብሊክ ለሁሉም ክፍት ነው። ምንም ካልተጻፈ ደግሞ የሚታየው በፓኬጁ ውስጥ ብቻ ስለሆነ በሌላ ፓኬጅ ያለ ልጅ ክላስ አያገኘውም። በአንድ ፋይል ውስጥ በሚደረግ ሙከራ ሁሉም ክላሶች በአንድ ፓኬጅ ስለሚገኙ የፕሮቴክትድ ገደብ አይታይም፤ ይህ ግን ገደቡ የለም ማለት አይደለም።

ስለ ፕራይቬት ቫሪያብል በስፋት የሚሳሳቱበትን ነጥብ ማስረዳት ያስፈልጋል። «ልጁ ፕራይቬቱን አይወርስም» ሲባል ልጁ በስሙ ሊጠራው አይችልም ማለት እንጂ ቫሪያብሉ በልጁ ኦብጀክት ውስጥ የለም ማለት አይደለም። የቁጠባ ኦብጀክት በተፈጠረ ቁጥር በውስጡ ለ«ቀሪ» ቦታ ይያዛል፣ ብሩም በዚያ ይቀመጣል፤ ልጁ የሚያገኘው ግን «ቀሪ_ስጥ» በተባለው የወላጁ ሜተድ በኩል ነው። ይህ ችግር ሳይሆን ጥበቃ ነው፤ ቀሪው ከዜሮ በታች እንዳይወርድ የሚቆጣጠረው «ወጪ_አድርግ» ከሆነ፣ ማንኛውም ልጅ ክላስ ቫሪያብሉን በቀጥታ እየቀየረ ቁጥጥሩን ሊያልፈው አይችልም። ስለዚህ ቫሪያብልን ሁሉ ፕራይቬት አድርጎ መጀመር፣ ልጆች የሚፈልጉትን ደግሞ በሜተድ መስጠት የሚመከር ልማድ ነው። «ልጁ ይፈልገው ይሆናል» በሚል ሐሳብ ቫሪያብሎችን በጅምላ ፕሮቴክትድ ማድረግ የወላጁን የውስጥ አሠራር ለዘለቄታው ከልጆቹ ጋር ያስራል፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ መልሶ መዝጋት በየቦታው ያሉትን ልጆች ማፍረስ ይሆናል።

4. ልጁን መጻፍና ኮንስትራክተሮችን ማያያዝ

ልጁ የሚታወጀው ከስሙ ቀጥሎ ኤክስቴንድስ የሚለውን ቃልና የወላጁን ስም በመጻፍ ነው፤ በጃቫ አንድ ክላስ በቀጥታ የሚኖረው ወላጅ አንድ ብቻ ነው። ልጁ ሜተዶችን ሲወርስ ኮንስትራክተርን ግን አይወርስም። ኮንስትራክተር ማለት ኦብጀክቱ ሲፈጠር ቫሪያብሎቹን የሚያሰናዳ፣ ስሙ ከክላሱ ስም ጋር አንድ የሆነ የትእዛዝ ክፍል ነው። «ሒሳብ» የመነሻ ብር የሚቀበል ኮንስትራክተር ካለው «ቁጠባ» የራሱን ኮንስትራክተር ጽፎ፣ ሱፐር በሚለው ቃል አማካይነት የመነሻውን ብር ለወላጁ ማስተላለፍ አለበት።

የሱፐር ጥሪ ካልተጻፈ ኮምፓይለሩ ራሱ ባዶ የሱፐር ጥሪ ይጨምራል፤ ወላጁ ምንም የማይቀበል ኮንስትራክተር ከሌለው ፕሮግራሙ አይተረጎምም። በጀማሪዎች ዘንድ ግራ የሚያጋባው የስሕተት መልእክት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ መልእክቱ የሚጠቁመው ወደ ልጁ ስለሆነ ስሕተቱ በልጁ ውስጥ የተጻፈ መስመር ይመስላቸዋል፣ የጎደለው ግን ያልተጻፈው መስመር ነው። በጃቫ 25 ሕጉ እስኪላላ ድረስ የሱፐር ጥሪ በኮንስትራክተሩ ውስጥ የመጀመሪያው ትእዛዝ መሆን ነበረበት፤ ከዚያ እትም ጀምሮ ገና በመፈጠር ላይ ያለውን ኦብጀክት የማያነቡ ትእዛዞች፣ ለምሳሌ የተቀበሉትን ቁጥር መመርመር፣ ከጥሪው በፊት ሊቀመጡ ይችላሉ።

5. የወላጁን ቫሪያብል በልጁ ውስጥ እንደገና አለማወጅ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚፈልግ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት ኮምፓይለሩን አያስቆመውም፣ ፕሮግራሙንም አያቋርጠውም፣ የተሳሳተ ቁጥር ብቻ ያወጣል።

«ቁጠባ» በሚባለው ክላስ ውስጥ «ምጣኔ» የተባለ ኢንት ቫሪያብል 5 ተብሎ ይታወጅ፤ ለዚህ ሙከራ ብቻ ሲባል ፕራይቬት አይደረግ። «ምጣኔ_ስጥ» የተባለ ሜተድ ይህን ቫሪያብል ይመልስ፤ «ወለድ_ስሌት» የተባለው ደግሞ ቀሪውን «ምጣኔ_ስጥ» በሚመልሰው ምጣኔ አባዝቶ ለ100 ያካፍል። ማባዛቱ መቅደም አለበት፤ 5 ለ100 ቀድሞ ቢካፈል በኢንት ስሌት ውጤቱ ዜሮ ነው። ቀጥሎም ለወጣቶች ከፍ ያለ ወለድ የሚታሰብበት «የወጣት_ቁጠባ» የተባለ ልጅ ክላስ ከ«ቁጠባ» ይውረስ፣ በውስጡም «ምጣኔ» የተባለ ቫሪያብል እንደገና 7 ተብሎ ይታወጅ። በመጨረሻም በሜይን ሜተድ ውስጥ ዓይነቱ «ቁጠባ» የሆነ «ሀ» የተባለ ስም ታውጆ፣ 1,000 ብር ያለው አዲስ የ«የወጣት_ቁጠባ» ኦብጀክት ይሰጠው።

የ«ሀ» ምጣኔ በቀጥታ ሲጠየቅ የሚታተመው 5 ነው፤ ኦብጀክቱ የወጣት ቁጠባ ቢሆንም የተያዘበት ስም ዓይነት «ቁጠባ» ነውና። ይኸው «ሀ» በቅንፍ ወደ «የወጣት_ቁጠባ» ዓይነት ተቀይሮ ሲጠየቅ 7 ይታተማል። ኦብጀክቱ አልተለወጠም፤ በውስጡ «ምጣኔ» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አሉ፣ አንዱ ከወላጁ የመጣ፣ አንዱ የልጁ። የልጁ ቫሪያብል የወላጁን አልተካውም፣ ሸፈነው እንጂ። ሦስተኛው ውጤት ከሁለቱም ይከፋል፤ የ«ሀ» «ወለድ_ስሌት» ሲጠራ 50 ብር ይወጣል፣ «ሀ» በ«የወጣት_ቁጠባ» ዓይነት ቢታወጅ እንኳ 50 ብር ነው። ስሌቱ የተጻፈው በወላጁ ውስጥ ስለሆነ የሚያነበው የወላጁን ምጣኔ ነው፤ በልጁ ውስጥ የተጻፈውን 7 ከነመኖሩም አያውቀውም። ደንበኛው 70 ብር ሲገባው 50 ይታሰብለታል፣ ማንም መሣሪያ ደግሞ አይጮኽም።

መፍትሔው ልዩነቱ ምን እንደሆነ በመጠየቅ ይገኛል። ልጁ ከወላጁ የሚለየው በቁጥሩ ብቻ ከሆነ ቫሪያብሉ በወላጁ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ፕራይቬት ሆኖ ይታወጅ፣ ዋጋውም በኮንስትራክተር በኩል ይተላለፍ፤ የተራው ቁጠባ 5፣ የወጣቱ 7 ብሎ ይላክለት። እንዲያውም ሌላ ልዩነት ከሌለ «የወጣት_ቁጠባ» የተባለ ክላስ መኖሩ ራሱ አላስፈላጊ ነው፤ በቁጥር ለሚለይ ነገር ሁሉ ልጅ ክላስ መፍጠር ፕሮግራሙን በማያስፈልግ የዘር ሐረግ ያጨናንቀዋል። ልዩነቱ በአሠራር ከሆነ፣ ለምሳሌ የወጣቱ ምጣኔ እንደ ቀሪው ብር መጠን የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ቀጣዩ ደረጃ መልስ ይሰጣል።

ልጁ የተሸፈነውን የወላጁን ቫሪያብል ለማግኘት ሱፐር በሚለው ቃል ሊጠራው ይችላል፤ ይህን መንገድ የሚጠቀም ፕሮግራም ግን አስቀድሞ በአንድ ስም ሁለት ነገር የሰየመ ነውና ስሙን መቀየር ይሻለዋል። የጃቫ ኮምፓይለር በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ እንደ ኤክሊፕስና ኢንቴሊጄ ያሉት የጽሕፈት መሣሪያዎች ግን የወላጁን ቫሪያብል የሚሸፍን አዋጅ ሲገኝ እንዲያመለክቱ ማዘዝ ይቻላልና ይህን ቅንብር ማብራት ጠቃሚ ነው።

6. ሜተድን መሻር

አሁን በልጁ ውስጥ ያለው «ምጣኔ» የተባለው ቫሪያብል ይጥፋና በምትኩ «ምጣኔ_ስጥ» የተባለው ሜተድ በልጁ ውስጥ 7 እንዲመልስ ሆኖ ይጻፍ። የ«ሀ» «ወለድ_ስሌት» ሲጠራ ውጤቱ 70 ይሆናል። በ«ወለድ_ስሌት» ውስጥ የተለወጠ ፊደል የለም፣ ልጁም ይህን ሜተድ አልነካውም፤ ነገር ግን ስሌቱ በውስጡ «ምጣኔ_ስጥ» ሲል የሚጠራው በኦብጀክቱ እውነተኛ ዓይነት ውስጥ ያለውን ነው። በወላጁ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ በልጁ ውስጥ ወደተጻፈ ሜተድ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ መሻር፣ በባለሙያዎች አነጋገር ኦቨርራይድ ማድረግ፣ ይባላል፤ የውርስ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፣ የጋራው አሠራር አንድ ቦታ ተጽፎ የሚለየው ብቻ በልጁ ይሞላል።

ሜተድ ተሽሯል የሚባለው ስሙና የሚቀበላቸው ነገሮች ዓይነትና ቅደም ተከተል ከወላጁ ጋር አንድ ሲሆኑ ነው። የሚመልሰው ዓይነት ከወላጁ ጋር አንድ ወይም፣ ኦብጀክት የሚመልስ ከሆነ፣ የእርሱ ልጅ ዓይነት መሆን አለበት፤ የመዳረሻ ወሰኑ ሊሰፋ እንጂ ሊጠብ አይችልም፣ ስለዚህ ፐብሊክ የነበረውን ፕሮቴክትድ አድርጎ መሻር ክልክል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በወላጁ ስም የሚጠራ ሁሉ ሜተዱን አገኛለሁ ብሎ ነውና ልጁ በሩን ሊዘጋበት አይችልም። በወላጁ ውስጥ ፋይናል የተባለ ሜተድ ፈጽሞ አይሻርም፣ ፕራይቬት የሆነውም በልጁ ዘንድ ስለማይታወቅ ስሙን ቢደግሙት መሻር አይሆንም፤ ወላጁ መጥራቱን የሚቀጥለው የራሱን ነው።

የተለመደው ስሕተት ሊሽሩ አስበው መደረብ ነው። «ገቢ_አድርግ» በወላጁ ውስጥ ኢንት የሚቀበል ሆኖ በልጁ ውስጥ ሎንግ እንዲቀበል ቢጻፍ፣ የተሻረ ነገር የለም፤ በአንድ ስም ሁለት ሜተዶች ተደርበው ይኖራሉ፣ በወላጁ ዓይነት በተያዘ ስም የሚጠራውም ሁልጊዜ የወላጁ ይሆናል። የዚህ ስሕተትና በ1ኛው ደረጃ የተነሣው የሞክሼ ፊደላት ስሕተት መድኃኒት አንድ ነው፤ ለመሻር በታሰበው ሜተድ አናት ላይ ከ@ ምልክት ጋር ኦቨርራይድ የሚለውን ምልክት መጻፍ። ምልክቱ ለሜተዱ የሚጨምርለት አሠራር የለም፤ ለኮምፓይለሩ ግን «ይህ በወላጁ ውስጥ አቻ ከሌለው አቁመኝ» የሚል ትእዛዝ ነው። «ሥሌት» ብሎ «ስሌት»ን ሊሽር የሞከረ ሰው በዚያው ቅጽበት ይነገረዋል። ይህን ምልክት መጻፍ በጃቫ ግዴታ ባይሆንም አንድም ጊዜ ሳይዘለል ሊጻፍ ይገባል።

የወላጁን አሠራር ሙሉ በሙሉ መተካት ሳይሆን በላዩ መጨመር ሲፈለግ፣ በሻሪው ሜተድ ውስጥ በሱፐር አማካይነት የወላጁ ሜተድ ይጠራል። «ወጪ_አድርግ» በልጁ ውስጥ የቀን ጣሪያ እንዲቆጣጠር ከተፈለገ፣ ልጁ ጣሪያውን ከመረመረ በኋላ ቀሪውን ሥራ ለወላጁ ይተዋል። ሱፐር የሚለውን ቃል ዘንግቶ ሜተዱን በስሙ ብቻ መጥራት ግን ሜተዱ ራሱን ያለ ማቋረጥ እንዲጠራና ፕሮግራሙ በቁልል መሙላት ስሕተት እንዲቆም ያደርጋል።

7. ስታቲክ የሆኑትን ለይቶ ማየት

ስታቲክ የተባለ ቫሪያብል የኦብጀክቱ ሳይሆን የክላሱ ነው። በ«ሒሳብ» ውስጥ የተከፈቱ ሒሳቦችን የሚቆጥር ስታቲክ ቫሪያብል ቢኖር፣ ቁጥሩ ለወላጁና ለልጆቹ ሁሉ አንድ ነው፤ ቁጠባ ሲከፈትም ከወለድ ነፃ ሲከፈትም የሚጨምረው ያው አንዱ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ቆጠራ ይኖራል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው። ስታቲክ ሜተድም አይሻርም፤ በልጁ ውስጥ ቢደገም እንደ ቫሪያብሉ ይሸፈናል፣ ምርጫውም በተያዘበት ስም ዓይነት ይሆናል። ስታቲክ የሆነውን ሁልጊዜ በክላሱ ስም መጥራት ግራ መጋባቱን ያስቀረዋል።

8. በወላጁ ኮንስትራክተር ውስጥ የሚሻር ሜተድ አለመጥራት

ኦብጀክት ሲፈጠር መጀመሪያ የወላጁ ቫሪያብሎችና ኮንስትራክተር፣ ከዚያ በኋላ የልጁ ቫሪያብሎችና ኮንስትራክተር ይሠራሉ። የወላጁ ኮንስትራክተር «ምጣኔ_ስጥ»ን ቢጠራና ልጁ ይህን ሜተድ ሽሮት ቢሆን፣ የሚሠራው የልጁ ሜተድ ነው፤ የልጁ ቫሪያብሎች ግን ገና ዋጋቸውን አላገኙም። ልጁ «ጭማሪ» የተባለ ቫሪያብል 2 ብሎ አውጆ፣ ምጣኔውን የወላጁ ምጣኔ ሲደመር «ጭማሪ» ቢያደርገው፣ በኮንስትራክተሩ ሰዓት የሚገኘው ውጤት 7 ሳይሆን 5 ነው፤ ያልተሰናዳ ኢንት ቫሪያብል ዜሮ ይይዛልና። ቫሪያብሉ ኦብጀክት የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ነል፣ ማለትም ባዶ ሆኖ፣ ፕሮግራሙ በዚያው ሊቆም ይችል ነበር። ኦብጀክቱ ተፈጥሮ ካለቀ በኋላ ያው ሜተድ ሲጠራ 7 ስለሚመልስ ስሕተቱን ፈልጎ ማግኘት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በኮንስትራክተር ውስጥ የሚጠራ ሜተድ ፕራይቬት ወይም ፋይናል ይሁን። ከጃቫ 21 ጀምሮ ኮምፓይለሩ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያዎቹ ሲበሩለት በፐብሊክ ክላሶች ላይ ይህን አደጋ ሊያመለክት ይችላል።

9. በፓይተን ለሚጽፉ የሚለየው

ከላይ ስለ ቫሪያብል የተባለው በፓይተን አይሠራም፤ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በፓይተን ቫሪያብልም ሜተድም የሚፈለጉት በአንድ መንገድ፣ መጀመሪያ በኦብጀክቱ፣ ቀጥሎ በክላሱ፣ ከዚያም በወላጆቹ ውስጥ በቅደም ተከተል ነው። በ5ኛው ደረጃ የተሠራው ሙከራ «ምጣኔ»ን በክላሱ ደረጃ በማወጅ በፓይተን ቢደገም፣ በወላጁ ውስጥ የተጻፈው ስሌት ሰልፍ በተባለው፣ ኦብጀክቱን ራሱን በሚወክለው ስም በኩል ሲያነብ የልጁን 7 ያገኛልና ውጤቱ 70 ይሆናል።

በምትኩ ሌሎች ሁለት ወጥመዶች አሉ። ልጁ የራሱን ኢኒት የተባለ አሰናጅ ሜተድ ከጻፈ የወላጁ በራሱ አይጠራም፣ ይህን አስቀድሞ የሚመረምር ኮምፓይለርም የለምና ማንም አያስታውስም፤ በሱፐር መጥራት ከተረሳ «ቀሪ» የተባለው ጨርሶ ሳይፈጠር ይቀርና ስሕተቱ የሚታየው ከብዙ መስመር በኋላ፣ አንድ ሰው ብር ገቢ ሊያደርግ ሲሞክር ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ዝርዝርን በክላሱ ደረጃ ማወጅ ነው፤ የእያንዳንዱን ሒሳብ ዝውውር የሚይዝ ዝርዝር በኢኒት ውስጥ ሳይሆን በክላሱ አካል ውስጥ ከታወጀ ዝርዝሩ ለሁሉም ሒሳቦችና ለልጅ ክላሶቹ ሁሉ አንድ ይሆንና የአንዱ ደንበኛ ዝውውር በሌላው መግለጫ ላይ ይወጣል።

በሲ ፕላስ ፕላስና በሲ ሻርፕ ለሚጽፉ ደግሞ ማስታወስ የሚገባው፣ በሁለቱም ሜተድ የሚሻረው በወላጁ ውስጥ ቨርቹዋል ተብሎ ሲታወጅ ብቻ መሆኑ ነው፤ ካልተባለ ሜተዱም እንደ ቫሪያብሉ በተያዘበት ስም ዓይነት ይመረጣል።

10. በወላጁ ስም መፈተን

ልጅ ክላስን በራሱ ዓይነት በታወጀ ስም ብቻ መፈተን የተለመደ ጉድለት ነው፤ መሸፈንና መደረብ የሚያስከትሏቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ ተደብቀው የሚያልፉት በዚህ ነው። ፈተናው የልጁን ኦብጀክት በወላጁ ዓይነት በታወጀ ስም ይዞ መሠራት አለበት፤ በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የሚይዘው እንዲያ ነውና። ዓይነቱ «ቁጠባ» የሆነ ዝርዝር ተሠርቶ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ያላቸው አንድ ተራ ቁጠባና አንድ የወጣት ቁጠባ ይግቡበት፣ በዑደትም የሁለቱ ወለድ ይታተም። 50 እና 70 ከወጣ ሻሪው ሜተድ ቦታውን ይዟል፤ ሁለቴ 50 ከወጣ ግን መጀመሪያ የሚፈለገው በልጁ ውስጥ እንደገና የታወጀ ቫሪያብል ነው፣ እርሱ ከሌለ የኦቨርራይድ ምልክት ያልተጻፈበት ሜተድና የስሙ ፊደላት አንድ በአንድ ይመርመሩ። ፈተናው ተጠብቆ መቀመጥና ወላጁ በተነካ ቁጥር መደገም አለበት፤ በወላጁ ውስጥ አዲስ ሜተድ የጨመረ ሰው ስሙ በአንዱ ልጅ ውስጥ አስቀድሞ ተይዞ እንደነበር፣ ልጁም ሳያስበው የሚሽረው መሆኑን ሊያውቅ የሚችልበት ሌላ መንገድ እምብዛም የለውም።